የተወካያችንን የድምፅ መዝገብ እንዴት ላንብበው?

ጥያቄው፦ «የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የአካባቢያችን የምክር ቤት ተወካይ ለሁለተኛ ዙር እየተወዳደረ ነው። አንድ ዘመዴ ‹92 በመቶ ከፓርቲው ጋር ድምፅ ሰጥቷል› የሚል ምስል ላከልኝ። ተፎካካሪው ደግሞ ‹የትምህርት በጀት ላይ የተቃውሞ ድምፅ ሰጥቷል› እያለ ይቀሰቅሳል። ራሴው ልየው ብዬ መዝገቡን ከፈትኩት። በመቶዎች የሚቆጠር መስመር ነው፤ ግማሹ ‹ማሻሻያ ቁጥር ምናምን› ይላል። ምንም አልገባኝም። ከመምረጤ በፊት ምኑን ልይ? ምኑንስ ልተወው?»

መልስ፦

አብዛኛውን ተይው። ቀልዴን አይደለም። የእኔ እንጀራ ይኸው ነው፤ የምክር ቤት ድምፆችን ማንበብና ማነጻጸር። ከአንድ ተወካይ መዝገብ ውስጥ ስለ ሰውየው የሆነ ነገር የሚነግርሽ ትንሹ ክፍል ነው። ቀሪው ሁሉም የተስማማበት፣ ስብሰባውን ለማስኬድ ያህል የተሰጠ፣ ወይም ፓርቲው ቀድሞ የወሰነው ነው። አንቺ መፈለግ ያለብሽ ሰውየውን የሆነ ነገር ያስከፈለውን ድምፅ ነው። ፓርቲውን ያስቀየመበት፣ ለቅስቀሳው ገንዘብ የሚያዋጡለትን ያስኮረፈበት፣ ወይም ከገዛ መራጮቹ ጋር ያፋጠጠው ድምፅ። እንዲህ ያለው በአንድ የሥራ ዘመን ውስጥ ብዙ አይገኝም፤ ስለዚህ ሥራው ከፈራሽው ያነሰ ነው።

መጀመሪያ ከ92 በመቶዋ እንገላገል።

ይህ ቁጥር ከየትኞቹ ድምፆች እንደተሰላ ካልተነገረሽ ባዶ ነው። በአሜሪካ ኮንግረስ ለምሳሌ ለአንድ ፖስታ ቤት የሰው ስም ለመስጠት ሕግ ይወጣል። ማን ይቃወማል? ማንም። እንዲህ ያሉት ስሌቱ ውስጥ ከገቡ የሁሉም ሰው ቁጥር ይለወጣል፤ ሁለቱ ፓርቲዎች የተለያዩባቸው ድምፆች ብቻ ተለቅመው ከተሰሉ ያው ሰውዬ ሌላ ቁጥር ይዞ ይመጣል።

ደግሞም እንደ አገሩ ነው። መንግሥት ከምክር ቤቱ በሚመሠረትበት ሥርዓት አንድ ትልቅ ድምፅ መሸነፍ መንግሥቱን ሊያናጋው ይችላል፤ ስለዚህ የፓርቲ ዲሲፕሊኑ ጥብቅ ነው። በብሪታኒያ የፓርቲ ተጠሪዎቹ ለአባላቱ መርሐ ግብር ይልካሉ፤ ከጉዳዩ ሥር ሦስት መስመር ከተሰመረ «ቀርተህ እንዳትገኝ፣ እንደተባልከውም ድምፅ ስጥ» ማለት ነው። በመስከረም 2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የቦሪስ ጆንሰን መንግሥት ከአውሮፓ ኅብረት መውጣትን በሚመለከት አንድ ድምፅ ላይ አልታዘዝ ያሉ 21 አባላቱን ከፓርቲው የምክር ቤት ቡድን አባረረ። በአንድ ምሽት። ከነሱ ውስጥ የቀድሞ ሚኒስትሮች ነበሩበት። እንዲህ ባለ ምክር ቤት 92 በመቶ የታማኝ ቁጥር አይደለም፤ የአመፀኛ ቁጥር ነው። በአሜሪካ ግን ያው 92 ማንንም አያስገርምም። ዘመድሽ የላከልሽ ምስል የትኛውን ዓይነት ምክር ቤት እያወራ እንደሆነ ሳታውቂ ተወካይሽ ታዛዥ ነው ወይስ ደፋር ነው ማለት አትችይም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ የትምህርት በጀቱ ክስ።

እውነት ሊሆን ይችላል። ውሸት ሳይሆንም ሊያሳስትሽ ይችላል። አንድ ረቂቅ ሕግ እስኪጸድቅ ድረስ ብዙ ጊዜ ድምፅ ይሰጥበታል። አጀንዳ ይያዝ ወይስ አይያዝ? ወደ ቋሚ ኮሚቴ ይመለስ? ክርክሩ ይዘጋ? ይህ ማሻሻያ ይጨመር? ያኛው ይውጣ? መጨረሻ ላይ ይጽደቅ? ተፎካካሪው «ተቃውሟል» ሲል ከነዚህ ሁሉ አንዱን መዞ ይዟል። የትኛውን እንደሆነ አይነግርሽም። የመጀመሪያው ሥራሽ ያንን ድምፅ ማግኘትና ደረጃውን ማየት ነው።

የአሜሪካው ሴናተር ጆን ኬሪ ላይ የደረሰውን ታስታውሺ ይሆናል። በ2003 የአሜሪካ ሴኔት (የኮንግረሱ ላይኛው ምክር ቤት) ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን 87 ቢሊዮን ዶላር ሊመድብ ቀረበለት። ኬሪ አንዱን አማራጭ ደገፈ፤ ገንዘቡ ለሀብታሞች የተሰጠውን የታክስ ቅናሽ በመቀነስ ይሸፈን የሚለውን። ያ ወደቀ። ከዚያ ያለዚያ አንቀጽ የመጣውን የመጨረሻ ረቂቅ ተቃወመ። በ2004 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ሲጠየቅ፣ ከመቃወሜ በፊት ደግፌው ነበር የሚል መልስ አመለጠው። ተፎካካሪዎቹ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላገኙም፤ ወዲያው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አደረጉት። አሠራሩን ለሚያውቅ ሰው ግን አባባሉ እንጂ ድርጊቱ እንግዳ አልነበረም። ያ ድምፅ ትክክል ነበር ወይ? እሱ ሌላ ክርክር ነው፤ ወላዋይ መሆኑን ግን በራሱ አያሳይም።

ከዚህም የባሰ አለ። በሴኔት ለአብዛኞቹ ረቂቆች ክርክሩን ለመዝጋት 60 ድምፅ ያስፈልጋል። የአብላጫው ፓርቲ መሪ የራሱ ረቂቅ 60 እንደማይሞላለት ካየ የተቃውሞ ድምፅ ይሰጣል። በራሱ ረቂቅ ላይ! ምክንያቱ ደረቅ ነው፦ «ድምፁ እንደገና ይታይልን» ብሎ መጠየቅ የሚችለው ካሸነፈው ወገን የሆነ ሰው ነው፤ 60 ሳይሞላ ሲቀር ደግሞ ያሸነፉት የተቃወሙት ናቸው። መዝገቡ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ «ተቃወመ» ተብሎ ይቀመጣል፤ ከዓመታት በኋላ አንዱ አግኝቶ ፎቶ ያነሳዋል።

የበጀት ድምፅ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ነገር አንድ ላይ ታስሮ ይመጣል። በታኅሣሥ 2020 የአሜሪካ ኮንግረስ ያጸደቀው የበጀትና የኮሮና ድጎማ ሕግ 5,593 ገጽ ነበር። ውስጡ የሌለ ነገር የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ከእንዲህ ዓይነት ጥቅል አንድ ተወካይ ለሰጠው ድምፅ የፈለግሽውን ማስታወቂያ መሥራት ትችያለሽ፤ የደገፈውን «ይህን ብክነት ደገፈ»፣ የተቃወመውን «ለሕሙማን የሚሰጠውን ገንዘብ ከለከለ»። ሁለቱም አይዋሹም፣ ሁለቱም አይጠቅሙሽም። የአንቺም የትምህርት በጀት ለብቻው የቀረበ ነበር ወይስ በጥቅል ውስጥ? ይህን ሳታዪ አትፍረጂ።

ድምፁን አግኝተሽ፣ ደረጃውንም ለይተሽ እንኳ ምክንያቱ ላይታይሽ ይችላል። በጥር 2019 የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የተዋዋሉትን ስምምነት ለምክር ቤቱ ሲያቀርቡ በ432 ለ202 ተሸነፉ። እነዚያ 432 ሰዎች አንድ ሐሳብ የነበራቸው እንዳይመስልሽ። አንዳንዱ የተቃወመው «ይህ ስምምነት ከኅብረቱ በደንብ አያስወጣንም» ብሎ ነው። ሌላው ጭራሽ መውጣቱን ስለማይፈልግ ነው። በቀንና በሌሊት የማይገናኙ ሰዎች እኩል አንድ መስመር ላይ ተጻፉ።

ስለዚህ ንግግሩን ፈልጊ። በብዙ ምክር ቤቶች ቃለ ጉባኤው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የብሪታኒያው ሃንሳርድ ተብሎ ይታተማል። በጀርመን ምክር ቤትና በአውሮፓ ፓርላማ ደግሞ አባላት «እንዲህ ድምፅ የሰጠሁት በዚህ ምክንያት ነው» ብለው በጽሑፍ ማስያዝ ይችላሉ። እኔ ቀኑን በጣም አያለሁ። ምክንያቱን ድምፁን በሰጠበት ሰሞን የተናገረ ሰውና የምርጫ ቅስቀሳ ሲጀመር ምክንያት ያገኘ ሰው አንድ አይደሉም። ምክንያት እኮ ወደኋላ ተመልሶ ለመፍጠር ቀላል ነው።

እና ያስከፈለውን ድምፅ እንዴት ታገኚዋለሽ? ሁለት ነገር ብቻ እዪ። አንደኛ፣ ከፓርቲው የተለየበት አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ረቂቁ ያለፈው ወይም የወደቀው በስንት ድምፅ ልዩነት ነበር?

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። የፓርቲ መሪዎች ድምፃቸውን አስቀድመው ይቆጥራሉ። በቂ እንዳላቸው ሲያውቁ አካባቢው ላይ ችግር የሚመጣበትን አባል «አንተ ተቃወም፣ ግድ የለም» ብለው ይለቁታል። ሰውየው አገሩ ሲመለስ «ፓርቲዬን ተጋፍጬላችኋለሁ» ይላል። ምንም አልተጋፈጠም፤ ፈቃድ ነው የተሰጠው። ረቂቁ በሰፊ ልዩነት ካለፈና የእሱ ተቃውሞ ምንም ካልቀየረ፣ ያ ድምፅ ለፎቶ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ አንድ ሁለት ድምፅ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። በሐምሌ 2017 የአሜሪካው ሴናተር ጆን ማኬይን ሌሊት ላይ ሴኔት ገብቶ አውራ ጣቱን ወደታች ሲያደርግ፣ የራሱ ፓርቲ ለዓመታት ቃል የገባበት የጤና መድን ሕጉን የመሻር ረቂቅ በ49 ለ51 ወደቀ። ያ ድምፅ ዋጋ ነበረው፤ ወደድሽውም ጠላሽውም።

ተቃዋሚ ሆኖ መቃወምም ርካሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ2006 ሴናተር የነበሩት ባራክ ኦባማ የመንግሥት የብድር ጣሪያ (መንግሥት ሊበደር የሚችለው ከፍተኛ መጠን) ከፍ እንዲል የቀረበውን ረቂቅ ተቃወሙ። ረቂቁ በ52 ለ48 አለፈ፤ ሸክሙን የተሸከመው ያኔ አብላጫውን የያዘው ፓርቲ ነው። በ2011 ፕሬዚዳንት ሆነው ያው የብድር ጣሪያ እንዲነሳላቸው ሲለምኑ፣ የያኔው ድምፃቸው ስህተት እንደነበር አመኑ። የአንቺ ተወካይ ፓርቲ በምክር ቤቱ አናሳ ከሆነ ይህን አስቢበት። የሚቃወመው ነገር ቢወድቅ እሱ ራሱ ምን ይውጠው ነበር?

አንድ ሰው ብቻውን ሲቆም ደግሞ ቁጥሩ ሌላ ነገር ያወራል። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት ሦስት ቀን በኋላ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ለፕሬዚዳንቱ ጦር የመጠቀም ሥልጣን ሲሰጥ ድምፁ 420 ለ1 ነበር። አንዷ ባርባራ ሊ ናት። የግድያ ዛቻ ደረሰባት፣ ጠባቂ ተመደበላት። በ1964 የቬትናምን ጦርነት መንገድ የጠረገው የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውሳኔ በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔት 88 ለ2 አለፈ። የተቃወሙት ሁለቱ ሴናተሮች ዌይን ሞርስና ኧርነስት ግሩኒንግ ሁለቱም በ1968 ምርጫ ወንበራቸውን አጡ። በዚያ ድምፅ ብቻ ነው አልልም። ባርባራ ሊ ግን ደጋግማ ተመርጣለች። ብቻውን የቆመ ሁሉ ልክ ነው ማለቴ እንዳይመስልሽ፤ እልኸኛም ብቻውን ይቆማል። ግን እንዲህ ያለ ድምፅ ሰውየው ግፊት ሲበዛበት ምን እንደሚያደርግ ያሳይሻል። ይህን ደግሞ የትኛውም መቶኛ አያሳይሽም።

መቅረትና ድምፀ ተአቅቦ ላይ ብዙ አልቆይም። ብቻ አትቸኩዪ። በብሪታኒያ የታችኛው ምክር ቤት ድምፀ ተአቅቦ የሚመዘገብበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ የታመመው፣ ውጭ አገር የሄደው፣ ከተቃራኒ ፓርቲ አባል ጋር «እኔም አንተም እንቅር» ብሎ የተስማማው፣ ሆን ብሎ የሸሸውም ሁሉ አንድ ይመስላሉ። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት «አለሁ» የሚል ሦስተኛ ምርጫ አለ፤ ረቂቅ ለማለፍ የድጋፍ ቁጥር መሙላት ስላለበት «አለሁ» ማለት በተግባር ከተቃውሞ አይለይም። ኦባማ እዚያ በነበሩበት ጊዜ ወደ 130 ገደማ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰጥተዋል፤ በ2008 ምርጫ «ከባድ ውሳኔ ይሸሻል» ተብለው ተወቀሱበት። አንዳንዱ የፓርቲ ስልት ነበር። አንቺ የምትፈልጊው ተደጋጋሚነቱን ነው። ተራ ቀን ሁሉ እየተገኘ አስቸጋሪ ድምፅ በመጣ ቁጥር ሰውየው ከጠፋ፣ ያኔ ጥያቄ አለሽ።

ስህተትም ይኖራል። በመጋቢት 2019 የአውሮፓ ፓርላማ በኢንተርኔት የቅጂ መብት ሕግ ላይ ማሻሻያዎች ለየብቻ ይታዩ ወይስ አይታዩ ብሎ ድምፅ ሲሰጥ «አይታዩ» የሚለው በ317 ለ312 አሸነፈ። ከዚያ አንዳንድ አባላት «ቁልፍ ተሳስተን ነው የተጫንነው» አሉ። እርማታቸው ተመዘገበ፤ ውጤቱ ግን አልተቀየረም። ከመዝገቡ ግርጌ የእርማት ማስታወሻ ካለ አንብቢው።

አሁን ማኅበራትና ቡድኖች ስለሚያወጡት ነጥብ። «ለአካባቢ ጥበቃ 85»፣ «ለነጋዴው 30» የሚለው ዓይነት። ብዙ ሰው የሚያየው ይህን ነው፤ ጊዜም ይቆጥባል። መጥፎ ነው አልልም። ግን ማን ነው ድምፆቹን የመረጣቸው? በአሜሪካ ከ1947 ጀምሮ ያለው «አሜሪካውያን ለዴሞክራሲያዊ ተግባር» የተባለው ማኅበር በየዓመቱ 20 ድምፅ መርጦ ነጥብ ይሰጣል፤ የቀረ አባል የማኅበሩን አቋም እንደተቃወመ ይቆጠርበታል። ስለዚህ ሆስፒታል የተኛ ሰው ነጥቡ ይወርዳል። ሃያዎቹ ደግሞ የተመረጡት በማኅበሩ ዓይን ነው፤ ማኅበሩ ይህን አይደብቅም፣ አንባቢው ግን ይረሳዋል። እኔ እነዚህን የምጠቀምባቸው በተገላቢጦሽ ነው። ነጥቡን ትቼ የመረጧቸውን ድምፆች ዝርዝር እወስዳለሁ። በሚቃረኑ ሁለት ቡድኖች ዝርዝር ውስጥ አንድ ድምፅ ከተገኘ፣ እሱ በእርግጥ የሚያጣላ ድምፅ ነበር ማለት ነው። ፍለጋሽን ያሳጥርልሻል።

መዝገቡ ላይ የሌለውንም አትርሺ። ብዙ ውሳኔ ስም ሳይመዘገብ «የምትደግፉ?» «የምትቃወሙ?» ተብሎ በጩኸት ወይም እጅ በማውጣት ያልፋል። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት መሠረት ከተገኙት አባላት አንድ አምስተኛው ካልጠየቀ ስም በስም መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ጣሊያን ውስጥ ሚስጥራዊ ድምፅ በምክር ቤት የተለመደ ነበር፤ በ1988 ነው በእጅጉ የተገደበው። ከዚህም በላይ ኮሚቴ ውስጥ ታንቆ የቀረ፣ ለድምፅ እንኳ ያልበቃ ረቂቅ አለ። ተወካይሽ የትምህርት ቋሚ ኮሚቴ አባል ከሆነ እዚያ የሠራው ወይም ያልሠራው ከአዳራሹ ድምፁ ሊበልጥ ይችላል። የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ፈልጊ። አሰልቺ ነው፤ ግን ሰዎቹ ካሜራ ብዙ ስለማያያቸው በግልጽ ያወራሉ።

እና ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ ምን ታደርጊ?

መዝገቡን ከመክፈትሽ በፊት ወረቀት ላይ ለአንቺ የሚገዱ ሦስት ጉዳዮችን ጻፊ፤ በእያንዳንዱ ላይ ተወካይሽ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጊም ጭምር። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። መጀመሪያ መዝገቡን ካየሽ የምትወጂው ሰው ያደረገው ሁሉ ትክክል፣ የምትጠይው ያደረገው ሁሉ ጥፋት መምሰሉ አይቀርም። እኔም ቢሆን ይህን ሳልጽፍ አልጀምርም። ከዚያ በየጉዳዩ የመጨረሻውን ድምፅና ከሱ በፊት ክርክር ያስነሳውን ዋና ማሻሻያ አውጪ። ማን ከማን ጋር እንደቆመ፣ በስንት ልዩነት እንዳለፈ፣ እሱ ምን ብሎ እንደተናገረ። በቃ። ስድስት ድምፅ ገደማ ነው።

የትምህርት በጀቱን በዚህ ብታዪው ሦስት ነገር ሊገጥምሽ ይችላል። የተቃወመው የበለጠ ገንዘብ የሚጠይቅ ማሻሻያ ስለወደቀ ከሆነና ይህንኑ ያኔውኑ ከተናገረ፣ የተፎካካሪው ክስ ተንሸዋሮ ነው የመጣው። የተቃወመው ጥቅሉን ከሆነ ጥቅሉ ውስጥ ሌላ ምን እንደነበረ አይተሽ «እኔ ብሆን እውጠው ነበር ወይ?» በይ። የበጀቱን ድምፅ ብቻውን፣ በጠባብ ልዩነት፣ ያለ ምንም ማብራሪያ ከተቃወመ ግን ክሱ ልክ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን መዝገቡ አይረዳሽም። ተወካይ የመራጩን ፍላጎት ይፈጽም ወይስ በራሱ ሚዛን ይወስን? የብሪታኒያ ምክር ቤት አባል የነበረው ኤድመንድ በርክ በ1774 ለብሪስቶል ከተማ መራጮቹ ተወካይ የራሱን ፍርድ ለእነሱ አስተያየት መሠዋት እንደሌለበት ፊት ለፊት ነገራቸው። በ1780 እንደማይመርጡት ሲያውቅ ራሱን ከውድድሩ አገለለ። እኔ ወደ በርክ አደላለሁ፤ ሰውየው ቢያንስ ቀድሞ ተናግሯል። አንቺ ሌላ ልትዪ ትችያለሽ፤ ያኔ ከአካባቢሽ ሰው ፍላጎት የወጣ ድምፅ ሁሉ የሚያስከፋሽ ይሆናል፣ መብትሽ ነው።

ተፎካካሪውንም እንዲሁ አትልቀቂው። ምክር ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው መዝገቡ ንጹሕ ነው፤ ያልተሞከረ ስለሆነ። ያወጣሻቸውን እነዚያኑ ስድስት ድምፆች ይዘሽ በቅስቀሳ መድረኩ ላይ ወይም በጽሑፍ ጠይቂው፦ «አንተ ብትሆን በዚህኛው ረቂቅ ላይ ምን ድምፅ ትሰጥ ነበር? ፓርቲህ ሌላ ቢልህስ?» የረቂቁን ቁጥርና ቀኑን ጥቀሺ፤ «ለትምህርት ትኩረት እሰጣለሁ» ብሎ ሊያልፍሽ አይችልም። ከአካባቢ ምክር ቤት ወይም ከማኅበር ሥራ የመጣ ከሆነ ደግሞ እዚያም ድምፅ ሰጥቷልና ቃለ ጉባኤውን ጠይቂ። የተወካይሽን የበጀት ድምፅ ቀንና የረቂቁን ቁጥር ካገኘሽ እዚሁ ጻፊልኝ፤ የትኛው ደረጃ ላይ እንደተሰጠ አብረን እናየዋለን።